የአማራ ክልል ምክር ቤት ምርጫ

ባሕር ዳር የሚቀመጠውን የክልሉን ሕግ አውጪ የሚሰይም፣ በአምስት ዓመት አንዴ የሚካሄድ ምርጫ ነው። በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ የምትገኘው የሲሪንቃ ነዋሪ በአንድ ቀን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ለክልሉም ድምፅ ይሰጣል። በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኙት ያልፋሉ፤ የተቀረው ድምፅ ወደ መቀመጫ አይለወጥም። ስለዚህ የመቀመጫ ቁጥር ብቻውን የመራጩን ስሜት አይለካም።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከ294 መቀመጫዎች ገዢው ኢሕአዴግ 188፣ ተቃዋሚው ቅንጅት 106 አገኙ። በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. ግን የኢሕአዴግ አባል ድርጅት የነበረው ብአዴን 294ቱንም ወሰደ፤ የየምርጫ ክልሉን አሸናፊ ፓርቲ መዘርዘር ያኔ ትርጉም አልነበረውም፤ ሁሉም አንድ ነውና።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ኢሕአዴግን የተካው ብልጽግና ፓርቲ አብላጫውን ያዘ። በዚያው ክረምት በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ሰሜን ወሎ ደረሰ፤ ወልድያ በነሐሴ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች። አዲሱ ምክር ቤት ዶክተር ይልቃል ከፋለን ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲመርጥ ከተማዋ ገና ነፃ አልወጣችም ነበር። ዶክተር ይልቃል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአረጋ ከበደ ተተኩ።