ግጥሙ በየትኛው መደርደሪያ?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከዩ ጎዳና የሀበሻ ምግብ ቤቶች ተነስቶ በጆርጂያ ጎዳና ሽቅብ ለሚሄድ ሰው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም። ተማሪ ሲጭኑና ሲያወርዱ ዓመታት ያስቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ባለታክሲዎች ግቢውን ያውቁታል። እነሱ ከተማዋን ከመርገጣቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ግን አክሱም እዚያ የክፍል ትምህርት ነበረች።

ትምህርቱን የጀመሩት የሚሲሲፒው ተወላጅ ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ናቸው፤ በ1922 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚባልበት ዘመን ስለ ኩሽ፣ ስለ አክሱም፣ ስለ ጋና ማስተማር እንደ ቅዠት ይታይ ነበር። የተጠራጠሯቸው ነጮች ብቻ አልነበሩም፤ ከገዛ ባልደረቦቻቸውም መካከል «ማስረጃው የታለ?» ያሉ ነበሩ።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትግል ነበር። በ1930 የጥቁሮችን መጻሕፍት ስብስብ የተረከቡት ዶሮቲ ፖርተር አንድ ነገር አላስቀምጥ አላቸው። በዴዊ የመጻሕፍት አመዳደብ ቁጥር 325 የፍልሰትና የቅኝ ግዛት፣ 326 የባርነት ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ደራሲው ጥቁር ከሆነ ከእነዚህ በአንዱ ሥር ይከቱት ነበር። ጄምስ ዌልደን ጆንሰን ግጥም ቢጽፍም መጽሐፉ 325 ነው! ፖርተር ይህን አሽቀንጥረው ጥለው ግጥሙን ከግጥም፣ ታሪኩን ከታሪክ አስቀመጡ። ጥቁሮች በባርነት ብቻ እንዳይጠኑ ያደረገች አብዮት ብትባል አልተጋነነም፤ ያውም ያለ ጩኸት።

በዚያው ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ በግቢው ሕክምና ይማር ነበር፦ መላኩ በያን። በ1934 ከሃንስቤሪ ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤትን ካቋቋሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። በ1935 ተመረቁ፤ በዚያው ዓመት ጣሊያን ወረረ። በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድም ድጋፍ አሰባሰቡ። የአገራቸውን ነጻ መውጣት ሳያዩ በ1940 አረፉ።

ሃንስቤሪ በ1959 ጡረታ ወጡ፤ በ1964 ኢትዮጵያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት አከበረቻቸው። የሚገርመው፣ እሳቸው ያን ያህል ባስተማሩበት ግቢ ተማሪዎች በመጋቢት 1968 የአስተዳደሩን ሕንፃ ለቀናት ያዙ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ትምህርቱ ወደ ጥቁሮች ታሪክና ባህል ፊቱን ይመልስ የሚል ነበር። በኅዳር ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ለወራት የዘለቀው አድማ ተነሳ፤ የጥቁር ጥናት ትምህርት ክፍልንም አስገኘ። እዚያ ጥናቱን እንዲመሩ የተመረጡት ኔታን ሄር፣ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሃዋርድ ያሰናበታቸው መምህር ናቸው።

ጎንደር የተወለዱት ኃይሌ ገሪማ በ1975 ፊልም ሊያስተምሩ ወደ ሃዋርድ መጡ። ስለ ባርነት የሠሩት «ሳንኮፋ» በ1993 ወጣ። በፊልሙ ስም የተጠራው፣ ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር የከፈቱት መጽሐፍ ቤት በጆርጂያ ጎዳና ላይ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ይገኛል። መጽሐፍ የሚያገላብጠው ተማሪ ቡናም ያገኝበታል።