ፎቶውን ቀድመን እናንሳ

በየባዛሩ የጥለታችንን ንድፍ በስልክ አንስተው የሚሄዱ አሉ። «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» ብለን ብንለጥፍም ሁሉንም መቆጣጠር አንችልም። ችግሩ ግን በእኛ አልተጀመረም።

ፈረንሳዊቷ ወይዘሮ ማድሌን ቪዮኔ ስፌት የተማሩት በልጅነታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ፓሪስ ውስጥ የራሳቸውን ስፌት ቤት ከፈቱ። ሥራቸው ሲወደድ አስመስለው ሰፍተው የሚሸጡ በዙ። እሳቸውም ካሜራውን ለራሳቸው መከላከያ አደረጉት። አዲስ ልብስ በተሠራ ቁጥር መስታወት ፊት ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ፎቶ አስነስተው፣ ቁጥር ሰጥተው በአልበም አስቀመጡ። ልብሱ ላይ በሚሰፋው ምልክትም ከፊርማቸው ጋር የአውራ ጣት አሻራቸውን አኖሩ። ክርክር ቢነሳ ማስረጃው በእጃቸው ነበር።

እኛስ? ከእናቶቻችን የወረስነው ጥለት የጋራችን ነው። አዲስ ያወጣነው ንድፍ ግን በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሊመዘገብልን ይችላል። ስለዚህ እህቶቼ፣ አዲስ ሥራ ለባዛር ከመውጣቱ በፊት እኛው ፎቶ እናንሳው፤ ቀንና ቁጥር ጽፈንም በማኅበራችን መዝገብ እናኑረው። ሌላው «የኔ ነው» ሲል የምናሳየው ይኑረን።