የሆንዳ ሲቢ 750 የቫልቭ ክፍተት ቁጥጥር

እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ የቀረበው ሆንዳ ሲቢ 750 ሞተር ብስክሌት አራት ሲሊንደሮችና ስምንት ቫልቮች አሉት። የቫልቮቹ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ልኩም ለማስገቢያው 0.05፣ ለማስወጫው 0.08 ሚሊሜትር ነው።

በቅድሚያ የሚለካው ሲሊንደር ፒስተን በእመቃ ምት መጨረሻ ላይኛው ጫፍ እንዲደርስ ይደረጋል። ስሱ የብረት መለኪያ በማስተካከያው ብሎንና በቫልቩ ጫፍ መካከል በመጠኑ ጠበቅ ብሎ ማለፍ አለበት። ካልሆነ ዳዶው ላልቶ ብሎኑ ይስተካከላል። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ ሊዞር ስለሚችል ልኬቱ ይደገማል።

ክፍተቱ የሰፋ ቫልቭ የመንኳኳት ድምፅ ያሰማል፤ የጠበበው ግን ዝም ይላል። የማስወጫ ቫልቭ ሙቀቱን በአመዛኙ የሚያስተላልፈው በመቀመጫው ላይ ሲያርፍ በመሆኑ፣ ክፍተት ያጣው በሚገባ ሳይዘጋ ቀርቶ ይቃጠላል። ስለዚህ የሞተሩ ጸጥታ ብቻውን የጤንነቱ ማረጋገጫ አይሆንም።