ግጥም የሚሰቀልበት ግድግዳ

በጃፓን አጭር ግጥም ጽፎ ደብተር ውስጥ መደበቅ የተለመደ አልነበረም። ከሺህ ዓመት በፊት፣ በሄያን ዘመን፣ መኳንንቱ 31 ድምፅ ያለውን ታንካ ባማረ ባለቀለም ወረቀት ላይ ጽፈው ሥዕል ባለበት ተጣጣፊ መከለያ ላይ ይለጥፉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1235 ባለቅኔው ፉጂዋራ ኖ ቴይካ ለልጁ አማት ቤት ተንሸራታች በሮች ጌጥ የሚሆኑ ግጥሞችን መረጠ። ጃፓናውያን እስከ ዛሬ በቃላቸው የሚይዙት የመቶ ባለቅኔዎች ስብስብ መነሻው ያ የበር ጌጥ እንደሆነ ይታመናል።

ሥልጣን ከቤተ መንግሥት ሲሸሽ ግጥሙ አብሮ አልጠፋም፤ ግድግዳ ለወጠ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሻይ ሥርዓት መምህራን የቴይካ እጅ ጽሑፍ ነው የተባለውን ወረቀት እንግዳ በሚቀበሉበት ክፍል መስቀል ጀመሩ። 17 ድምፅ ባለው ሃይኩ የታወቀው ባለቅኔ ባሾም በ1689 ለረጅም ጉዞ ሲነሣ ግጥሙን በሚለቀው ጎጆ ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ሄደ።

የእጅ ሙያው የሚታየው ታንዛኩ በሚባለው ጠባብ ወረቀት ላይ ነው። ቁመቱ 36፣ ወርዱ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። 17ቱ የሃይኩ ድምፆች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ቀለሙ ወረቀቱን እንደነካ ይጠጣልና ስሕተት አይፋቅም። ብሩሹ እየደረቀ ሲሄድ ፊደሉ ይሳሳል፤ እንደገና ሲነከር ይጠቁራል። ስለዚህ አስተዋይ ተመልካች ጸሐፊው የት ላይ እንደተነፈሰ ያውቃል። የታተመ መጽሐፍ ይህን ሊነግረን አይችልም።

ፍቅሩ ግን ጉዳትም ነበረው። ለመስቀል ሲባል ስንት ጥንታዊ መጽሐፍ ተቆራርጧል! በ1919 የ36ቱን ባለቅኔዎች ሥዕልና ግጥም የያዘ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ጥቅል ለብቻው የሚገዛው ሀብታም ስለታጣ በ37 ቁራጭ ተከፋፍሎ በዕጣ ተሸጠ። ግጥሙን ያቆየው ግድግዳ መጽሐፉን በላው።

ዛሬ ግድግዳው ሌላ መልክ ይዟል። የሃይኩ ባለቅኔው የማሳኦካ ሺኪ የትውልድ ከተማ ማትሱያማ ከ1968 ጀምሮ መንገደኛ ሃይኩውን የሚከትባቸውን ሣጥኖች አቁማለች። ከ1989 ወዲህ ደግሞ አንድ የሻይ ኩባንያ በውድድር ያሸነፉ ግጥሞችን በመጠጡ ዕቃ ላይ ያትማል። አንባቢው በዝቷል፤ የጸሐፊው እጅ ግን ከዕቃው ላይ የለም። ይህን እንደ ተራ ኪሳራ ልቆጥረው አልችልም። እጁ በየዓመቱ የሚመለሰው በታናባታ በዓል ነው፤ ያኔ ሕፃናት ምኞታቸውን በታንዛኩ ጽፈው በቀርከሃ ላይ ያንጠለጥላሉ።

እናንተም ግጥም የምትጽፉ አንባቢያን፣ አንዱን በእጃችሁ ገልብጡና እንግዳ በምትቀበሉበት ክፍል ስቀሉት።