ባለሚዶ እንስሳት (ክቴኖፎራ)

ባለሚዶ እንስሳት የጀርባ አጥንት የሌላቸው፣ በባሕርና በውቅያኖስ ብቻ የሚኖሩ፣ ብርሃን የሚያሳልፈው አካላቸው ከመቶ ከ95 እጅ በላይ ውሃ የሆነ ፍጥረታት ናቸው። ጄሊፊሽን በመልክ ቢመስሉም የራሳቸው የሆነ ተናዳፊ ሕዋስ ስለሌላቸው በተለየ ክፍለ እንስሳት ይመደባሉ።

ከአናታቸው ወደ አፋቸው በወረዱት 8 ረድፎች ላይ የተደረደሩት ሚዶዎች፣ እጅግ ብዙ ረቂቃን ፀጉሮች ተጋጥመው የሠሯቸው ሲሆኑ፣ እንደ መቅዘፊያ ተራ በተራ እየተወዛወዙ እንስሳውን ያንቀሳቅሱታል፤ ብርሃን ሲያርፍባቸውም የቀስተ ደመና ኅብረ ቀለም ያሳያሉ። አንጎል ባይኖራቸውም በመላ አካላቸው የተዘረጋ የነርቭ መረብ፣ በአናታቸውም የሚዛን መጠበቂያ ብልት ተሰጥቷቸዋል። አብዛኞቹ ወንዴነትንና ሴቴነትን በአንድ አካል አጣምረው የያዙ ናቸው።

ሊቃውንት በልማድ በ2 መደብ ይከፍሏቸዋል፤ እነርሱም ምግባቸውን በሚያጣብቁ ሕዋሳት የሚይዙ ክንዶች ያሏቸው ቴንታኩላታ፣ ክንድ የሌላቸውና በሰፊ አፋቸው ሌሎችን ባለሚዶዎች የሚውጡት ኑዳ ናቸው። ይሁን እንጂ የዘር ምርምር ይህ አከፋፈል እውነተኛውን ዝምድና በሙሉ እንደማይገልጽ አሳይቷል።

ኔሚዮፕሲስ የተባለው ወገን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከአሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ በመርከቦች የሚዛን ውሃ ወደ ጥቁር ባሕር ገብቶ፣ የዓሣ እንቁላልንና የዓሣ ጫጩቶች የሚመገቧቸውን ደቂቅ ፍጥረታት በመብላት በዓሣ አስጋሪዎች ላይ ከባድ ጉዳት አደረሰ፤ በ1997 ግን ጠላቱ ቤሮዬ በዚያው ባሕር በመታየቱ ብዛቱ ቀነሰ።

በ2023 የታተመ የክሮሞሶም ጥናት፣ ከእንስሳት ሁሉ ግንድ አስቀድሞ የተለየው የባለሚዶዎች ዘር መሆኑን በጽኑ ማስረጃ ስለ ደገፈ፣ የነርቭንና የጡንቻን አመጣጥ ለሚመረምር ሁሉ የእነዚህ ፍጥረታት ጥናት ታላቅ ዋጋ አለው።