«አባ ጅፋር» እና የአያቶቻችን የፈረስ ስም

ቢስሚላሂ አር-ራሕማኒ አር-ረሒም።

በጅማና በአካባቢው የአያታቸው ስም አባ ቢያ፣ አባ ፎጊ፣ አባ ዱራ ወይም አባ መጫ የሆነ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉን። «አባ» ሲባል የቄስ ማዕረግ ብቻ የሚታሰበው ወጣት ግን «ሙስሊሙ አያቴ ለምን እንዲህ ተባሉ?» ብሎ በስሙ ሊያፍር ይችላል። ምንጩን ካወቅን የሚያሳፍር ነገር እንደሌለው እንረዳለን።

በኦሮምኛ «አባ» አባት ማለት ነው፤ ባለቤት ማለትም ነው። የጦር መሪው «አባ ዱላ» ይባላል። በየቤታችን የምንጠራው «አባወራ»ም የቤተሰብ ባለቤት ማለት ነው። ቀደም ባለው ዘመን የታወቀ ወንድ በሚጋልበው ፈረስ ስም ይጠራ ነበር። ስለዚህ «አባ ጅፋር» ሲባል ጅፋር የተባለው ፈረስ ጌታ ማለት ነው።

የጅማን መንግሥት የመሠረቱትና እስልምናን የተቀበሉት ንጉሥ (እ.ኤ.አ. 1830–1855) የመጠሪያ ስማቸው ሰና ነበር። ታሪክ የያዛቸው ግን በፈረሳቸው ስም፣ አባ ጅፋር ተብለው ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋርም (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ለአፄ ምኒልክ ግብር እየከፈሉ የአገራቸውን የውስጥ አስተዳደር ጠብቀው ኖረዋል። ዛሬም በጅሬን ያለው ቤተ መንግሥት፣ የጅማ አውሮፕላን ማረፊያና በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሳው የእግር ኳስ ክለብ በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ልማዱ የአንድ ሃይማኖት ምልክት አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ተብለዋል።

ለእኛ ለሙስሊሞችም እንዲህ ያለ አጠራር እንግዳ አይደለም። ከደውስ ጎሳ የሆኑት ታላቁ ሰሐባ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ይህን ስም ያገኙት ከድመታቸው ነው። 5,374 ሐዲሦች የተላለፉት በዚህ ቅጽል ስማቸው ነው፤ የልደት ስማቸውን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ግመል «ቀስዋእ» የሚል የራሷ ስም ነበራት።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት (49፡11) የከለከለን በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራትን ነው። ሰውን የሚያከብር ቅጽል ስም ግን ከዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም።

ውድ ወላጆች! ፈረሱ ከደጃችን ከጠፋ ቆይቷል፤ ስሙ የቀረው በአዛውንቶች አንደበት ነው። እነርሱ በሕይወት ሳሉ የአያታችሁ «አባ» ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ለልጆቻችሁም ጽፋችሁ አስቀምጡ። የስሙን ትርጉም የሚያውቅ ልጅ በአያቱ አያፍርም።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።