የሐሞትን መንገድ ማየት፦ ከራጅ እስከ ማግኔት

ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ወደ ሐኪም የሚመጣ ሕመምተኛ ሕክምናቸው ፈጽሞ ከማይመሳሰል ሁለት ዓይነት ሕመሞች በአንዱ የተያዘ ሊሆን ይችላል። አንደኛው የጉበት ሴሎች ሲጎዱ የሚመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሐሞት ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርድበት ቧንቧ በጠጠር፣ በዕጢ ወይም በጥገኛ ትል ሲዘጋ የሚከሰት ነው። ሕዝቡ በልማድ ሁለቱንም «የወፍ በሽታ» ይላቸዋል። ለሐኪሙ ግን ልዩነታቸው የሞትና የሕይወት ያህል ነው። በተቆጣ ጉበት ላይ ማደንዘዣና ቀዶ ሕክምና መጨመር ሕመምተኛውን ሊገድል ይችላል፤ የተዘጋን ቧንቧ ሳይከፍቱ መተው ደግሞ ለመመርቀዝና ለደም መመረዝ ያጋልጣል። የጉበትና የሐሞት ቧንቧ ምስል ምርመራ ታሪክ፣ በአብዛኛው፣ እነዚህን ሁለቱን ሆድ ሳይከፍቱ ለመለየት የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው።

ካርል ላንገንቡኽ እ.ኤ.አ. በ1882 በርሊን ውስጥ የሐሞት ከረጢትን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ባወጣበት ዘመን ሐኪሙ የሚመካው በእጁና በዓይኑ ብቻ ነበር። የባዝሉ ቀዶ ሐኪም ሉድቪግ ኩርቮዝዬ በ1890 ያሳተመው ምልከታ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ይኸውም፣ ቢጫ በሆነ ሕመምተኛ ላይ ሕመም የሌለው ያበጠ የሐሞት ከረጢት በእጅ ከተዳሰሰ፣ የመዘጋቱ ምክንያት ጠጠር የመሆኑ ዕድል ጠባብ ነው የሚል ነው። ምልከታው ዛሬም ይጠቅማል፤ ይሁንና የሚዳሰስ ነገር ለሌለው ሕመምተኛ መልስ የለውም።

ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ራጅን ሲያገኝ ይህ ችግር የሚፈታ መስሎ ነበር። ነገር ግን አብዛኞቹ የሐሞት ጠጠሮች ከኮሌስትሮል የተሠሩና ካልሲየማቸው አነስተኛ በመሆኑ ጨረሩ አልፏቸው ይሄዳል። ስለሆነም ሐሞቱን ራሱን የሚያቀልም ነገር መፈለግ ግድ ሆነ። መንገዱ የተከፈተው አቤልና ራውንትሪ በ1909 አንዳንድ የፌኖልፍታሊን ውሁዶች በጉበት በኩል ወደ ሐሞት እንደሚወገዱ ባሳዩ ጊዜ ነው። በሴንት ሉዊስ የሚሠሩት ኤቫርትስ ግሬምና ዋረን ኮል ከዚህ ተነሥተው፣ ጨረርን የሚያግዱትን ብሮሚንና አዮዲን ከውሁዱ ጋር አጣምረው ለውሾች በደም ሥር ሰጡ። ሙከራው ደጋግሞ ከከሸፈ በኋላ በአንዱ ውሻ ላይ የሐሞት ከረጢቱ ጥላ ጎልቶ ታየ። ሲጠየቅ፣ ያ ውሻ በዚያ ጠዋት ሳይመገብ የቀረ ሆኖ ተገኘ። ምግብ የበላ እንስሳ ከረጢቱን ጨምቆ ባዶ ያደርጋል፤ የጾመው ግን ሐሞቱን አከማችቶና አወፍሮ ያቆያል። በ1924 ይፋ የሆነው ይህ ዘዴ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ዋነኛ ምርመራ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ለአልትራሳውንድ የሚቀጠር ሕመምተኛ «ሳትበላ ና» የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዘዴው ግን አንድ ጽኑ ጉድለት ነበረበት። ቀለሙን ወደ ሐሞት የሚያሻግረው ጉበት ነውና፣ ጉበቱ በታመመ ወይም ቧንቧው በተዘጋ ሰው ላይ ከረጢቱ አይታይም። ምርመራው በተለይ የሚከሽፈው ይበልጥ በሚያስፈልገው፣ ዓይኑ ቢጫ በሆነው ሕመምተኛ ላይ ነበር።

ስለዚህ ቀጣዩ ትውልድ ጉበትን ሳይጠብቅ ቀለሙን በቀጥታ ወደ ቧንቧው ማስገባትን መረጠ። አርጀንቲናዊው ፓብሎ ሚሪዚ በ1931 በቀዶ ሕክምና ላይ እንዳለ ቧንቧውን በራጅ አነሣ። በ1937 ደግሞ ፒየር ዩዋርና ዶ ሹዋን ሆፕ ሃኖይ ውስጥ በቆዳና በጉበት በኩል መርፌ አሳልፈው ቧንቧውን ማሳየት እንደሚቻል ጻፉ። ሆኖም በወፍራሙ መርፌ ቀዳዳ ሐሞትና ደም ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስ ስለነበር ቀዶ ሐኪሙ ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ ነበረበት። በጃፓን የቺባ ዩኒቨርሲቲ ኩኒዮ ኦኩዳና ባልደረቦቹ በ1974 ያስተዋወቁት ቀጭን መርፌ፣ ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ይህን አደጋ በእጅጉ ቀነሰው።

በሌላ በኩል ዊልያም ማኪዩን በ1968 ዋሽንግተን ውስጥ በአፍ በገባ ኢንዶስኮፕ አማካይነት በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ቧንቧዎቹ አፍ ቀለም ማስገባት መቻሉን ገለጸ። በ1974 በጀርመን ክላሰንና ዴምሊንግ፣ በጃፓን ደግሞ ካዋይ፣ በዚያው መሣሪያ የቧንቧውን አፍ ቀድደው ጠጠር ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ለማየት የተሠራው መሣሪያ ማከሚያ ሆነ።

በዚያው በ1970ዎቹ ዓመታት አልትራሳውንድ የግራጫ ደረጃዎችን ለይቶ ማሳየት ሲጀምር ጥያቄው ቀለለ። ቧንቧው ሰፍቷል ወይስ አልሰፋም? የሚለው ያለ መርፌ፣ ያለ ቀለምና ያለ ጨረር ይመለስ ጀመር። ሲቲ ስካን የቆሽትን ዕጢ ለማየት አስቻለ። በ1991 ደግሞ የጀርመን ሐኪሞች የረጋ ፈሳሽን አጉልቶ የሚያሳየውን የማግኔት ምስል ለሐሞት ቧንቧ አዋሉት። በኢንዶስኮፕ የሚደረገው ምርመራ የቆሽት መቆጣትን ሊያስከትል ስለሚችል፣ በ2002 በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋማት የተጠራው ጉባኤ አላስፈላጊ በሆነ ቦታ እንዲቀር መከረ። እንዲህ በማድረግ መርፌውና ኢንዶስኮፑ ከመመርመሪያነት ወደ ማከሚያነት ተሸጋገሩ። የተዘጋውን መክፈት፣ የታቆረውን ማፍሰስ ዋነኛ ሥራቸው ሆነ።

ይህ ቅደም ተከተል ወስፋት በብዛት በሚገኝባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ልዩ ትርጉም አለው። ወደ ሐሞት ቧንቧ የወጣ ወስፋት በአልትራሳውንድ ሲታይ ጥላ የማይጥል፣ ረጅም፣ ጎን ለጎን እንደተሰመሩ መስመሮች ያለ ምስል ይሰጣል። አንዳንዴም ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜም ያለ ቀዶ ሕክምና ይወጣል። ይሁን እንጂ መዘጋቱ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ቀናት ቧንቧው ገና ላይሰፋ ይችላል፤ የታችኛው ጫፉም በአንጀት አየር ይሸፈናል። ስለሆነም «አልሰፋም» የሚል አንድ ውጤት የሕመምተኛውን ታሪክና የእጅ ምርመራ አይሽርም። ጥርጣሬው ካለ፣ ከቀናት በኋላ አልትራሳውንዱን መድገም ከሁሉ የቀለለና ጉዳት የሌለበት እርምጃ ነው።